የመኪና ውሃ ለምን ይጎድላል?

በጎጃም የመኪና መንገድ ዳር የሚኖር ገበሬ ይህን ነገር ደጋግሞ አይቷል። አንድ አሮጌ መኪና እያቃሰተ ይመጣል። ከፊቱ ነጭ እንፋሎት ይተናል። ረዳቱ ባዶ ጀሪካን ይዞ ይወርድና «እባካችሁ፣ ውሃ» ይላል። ውሃ ይሰጠዋል። ይሞላል። መኪናው ይሄዳል። በሳምንቱ ያው መኪና ተመልሶ ይቆማል።

ሹፌሩን «ምን ሆነ?» ብለን ብንጠይቀው እንዲህ ይለናል። «ውሃ ያጎድላል። የት እንደሚያደርሰው ግን አይታወቅም። አንዳንድ ቀን ጠብታ አይጎድልም። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጀሪካኑን ሁሉ ይጨርሳል።»

ይሄ የሹፌሩ ጉዳይ ብቻ ነው እንዴ? አይደለም። ጤፋችን ገበያ የሚደርሰው በመኪና ነው። ማዳበሪያውም የሚመጣልን በመኪና ነው። ምጥ የጠናባት እናት ወደ ሐኪም ቤት የምትሄደው በመኪና ነው። መኪናው አባይ በረሃ ውስጥ ሞተሩ ተቃጥሎ ቢቆም ጉዳቱ የሁላችንም ነው። ስለዚህ የመኪና ውሃ ለምን እንደሚጎድልና ቀዳዳው እንዴት እንደሚገኝ በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ሞተር ውሃን ለምን ይፈልጋል?

ሞተር ነዳጅ እያቃጠለ ይሠራል። እሳት ባለበት ሙቀት አለ። ሙቀቱ መውጫ ካላገኘ ብረቱ ይሰፋል፣ ይጣበቃል፣ ይጣመማል። በመጨረሻም ሞተሩ ይሞታል።

ውሃ ይህን ሙቀት ተሸክሞ ያወጣል። በሞተሩ ብረት ውስጥ የውሃ መሄጃ ቦዮች አሉ። ፖምፕ የሚባለው ዕቃ ውሃውን በቦዮቹ ውስጥ እየገፋ ያዞረዋል። የሞቀው ውሃ በጎማ ቱቦ አልፎ ወደ ራዲያተር ይሄዳል። ራዲያተር ከመኪናው ፊት ያለው፣ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች የተደረደሩበት ዕቃ ነው። ነፋስ በቱቦዎቹ መካከል ሲያልፍ ውሃው ይቀዘቅዛል። ከዚያም ወደ ሞተሩ ይመለሳል። መኪናው እስካልጠፋ ድረስ ዙሩ አይቋረጥም።

በየቀበሌው ያለውን የእህል ወፍጮ እናስታውስ። ብዙው የናፍጣ ወፍጮ ሞተር አጠገቡ በርሜል ውሃ አለው። የበርሜሉ ሥራና የራዲያተሩ ሥራ አንድ ነው። ልዩነቱ በርሜሉ ክፍት መሆኑ ነው። የመኪናው ውሃ ግን ታፍኖ ነው የሚዞረው።

ለምን ይታፈናል?

ባቄላ በቆላ ቶሎ ይበስላል፤ በደጋ ግን ይዘገያል። እናቶች ይህን ያውቁታል። ምክንያቱ ይህ ነው። ወደ ከፍታ በወጣን መጠን አየሩ ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ውሃ ገና ብዙ ሳይሞቅ ይፈላል። በባሕር ጠረፍ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ደብረ ማርቆስ ግን ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል።

የመኪና ሞተር ደግሞ ደህና ሆኖ ሲሠራ ውሃው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ይሞቃል። እንግዲህ በደጋ አገር በደህናው ሙቀትና በመፍላት መካከል ያለው ርቀት በጣም ጠባብ ነው። ትንሽ ዳገት ሲገጥመው ይፈላል።

ለዚህ ነው የራዲያተሩ ክዳን ኃይለኛ ሞላ የተሠራለት። ክዳኑ ውሃውን አፍኖ ይይዘዋል። የታፈነ ውሃ ቶሎ አይፈላም። ደህና ክዳን ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ሞላው ከደከመ ግን ውሃው አይታፈንም። ፈልቶ በቀጭኗ የትርፍ ቱቦ ይወጣል። ብዙ ሰው ራዲያተር ሲያስበይድና ቱቦ ሲያስቀይር ይከርማል። ጥፋቱ ግን በዋጋ ከሁሉ የምታንሰው ክዳን ሆና ትገኛለች።

ክዳን ሲቀየር በላዩ የተጻፈው ቁጥር መመሳሰል አለበት። 0.9 የሚል ከነበረ 0.9 ይገዛል። «ይበልጥ ያጥብቅ» ብሎ ኃይለኛ ክዳን መግጠም አሮጌውን ራዲያተር ያፈነዳዋል።

አንድ ጊዜ የሚያፈስ፣ አንድ ጊዜ የማያፈስ

ሁልጊዜ የሚያፈስ ቀዳዳ አያስቸግርም። በዓይን ይታያል፤ ይደፈናል። አስቸጋሪው አንድ ጊዜ አፍስሶ አንድ ጊዜ የሚተወው ነው።

ይሄ ለገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። የሣር ክዳን ቤት ዝናብ በዘነበ ቁጥር አያፈስም። ነፋሱ ከአንድ ወገን ሲመጣ ብቻ የሚያፈስ ጣሪያ አለ። ባለቤቱ «ዛሬ ዘንቦ አላፈሰም፤ ድኗል» ቢል ይሳሳታል። መጠየቅ ያለበት «ባፈሰ ቀን ነፋሱ ከየት ነበር?» ብሎ ነው። የመኪናም እንዲሁ ነው። «ውሃ የሚጎድለው መቼ ነው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ዋና ዋናዎቹ ጊዜያት እነዚህ ናቸው።

1. ሲሞቅና ሲታፈን ብቻ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ስንጥቁ ይገጥማል። ሲሞቅና ውሃው ሲታፈን ስንጥቁ ይከፈታል። በጎማ ቱቦና በራዲያተር ጫፍ ላይ ይህ ይበዛል።

2. በብርድ ብቻ። በጮቄ ተራራ ዙሪያ ሌሊቱ ብርቱ ቁር ነው። በቁር ጎማውም ብረቱም ይኮማተራል። ቱቦውን የሚያስረው ቀለበት ይላላል። ማለዳ ጠብ ጠብ ይላል። ሞተሩ ሲሞቅ ጎማው ሰፍቶ ራሱን ይደፍናል። ሹፌሩ ዘግይቶ ሲያይ ደርቆ ያገኘዋል።

3. ሞተር ከጠፋ በኋላ። ይሄ ብዙውን ሰው ያታልላል። መኪናው ዳገቱን ጨርሶ ደጀን ሲደርስ ሹፌሩ ሞተሩን ወዲያው ያጠፋል። ፖምፑ ይቆማል፤ ውሃው አይዞርም። የጋለው ብረት ግን ሙቀቱን ለቆመው ውሃ መስጠቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ሙቀቱ ይብሳል። ውሃው የሚያፈሰው በዚህች ሰዓት ነው። ሹፌሩ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ የፈሰሰው በጋለው ብረት ላይ ደርቋል።

4. ሲንቀጠቀጥ ብቻ። በኮረኮንች መንገድ የመኪናው አካል ይወዛወዛል። የተሰነጠቀ የራዲያተር ጫፍ በዚህ ጊዜ ይከፈታል። በደህና አስፋልት ላይ ግን አያፈስም።

5. ሞተር በኃይል ሲዞር። የፖምፑ ማሽከርከሪያ ዘንግ ዙሪያ ውሃ የሚከለክል ቀለበት አለ። ሲያረጅ ያሾልካል። ከፖምፑ ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ፋብሪካው ሆን ብሎ የሠራት ምልክት ሰጪ ናት። ከእርሷ ውሃ ከወረደ ፖምፑ አርጅቷል ማለት ነው። ቀዳዳዋን መድፈን የምሥክርን አፍ እንደ መዝጋት ነው። መቀየር ያለበት ፖምፑ ነው።

6. ወደ ውስጥ ሲያፈስ። አንዳንድ ጊዜ ወደ ውጭ ምንም አይፈስም፤ ውሃው ግን ይጎድላል። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። ከሞተሩ በላይ ቴስታታ የሚባል ከባድ ክዳን አለ። ከሥሩ ጋስኬት የሚባል ስስ መከለያ አለ። ጋስኬቱ ሲበላ ውሃው እሳቱ ወዳለበት ይገባል፤ ወይም ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል።

ቀዳዳው እንዴት ይገኛል?

በመጀመሪያ ደብተርና እርሳስ ያስፈልጋል። ቀልድ አይደለም። ማንበብና መጻፍ የተማረ ረዳት ለአሮጌ መኪና ትልቅ ሀብት ነው። ውሃ በተጨመረ ቁጥር ቀኑን፣ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ጭነቱንና ስንት ሊትር እንደተጨመረ ይጽፋል። ውሃው የሚለካው ማለዳ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ መኪናው ለጥ ባለ ቦታ ቆሞ ነው። መንገድ ላይ የተጨመረውም ይጻፋል።

ለምሳሌ የአንድ መኪና ደብተር እንዲህ ይላል እንበል።

ሰኞ ማለዳ፣ ደብረ ማርቆስ፤ አልጎደለም።
ሰኞ ቀን፣ ጎሐ ጽዮን፣ 50 ኩንታል ጤፍ ጭኖ፤ 2 ሊትር።
ማክሰኞ፣ ደጀን፣ ባዶውን ሲመለስ፤ ግማሽ ሊትር።
ረቡዕ፣ ደምበጫ ደርሶ መልስ፣ ባዶውን፤ አልጎደለም።
ሐሙስ ማለዳ፣ ደብረ ማርቆስ፤ አልጎደለም።

ይህ ደብተር ምን ይነግረናል? መኪናው ቆሞ ሲያድር አያጎድልም። ስለዚህ ጥፋቱ የብርድ አይደለም። ደምበጫ ሲሄድም አላጎደለም። ያጎደለው የአባይን ዳገት ሲወጣ ነው። ጭነት ሲኖር ደግሞ ይብሳል። እንግዲህ የምንፈልገው ቀዳዳ በሙቀትና በመታፈን የሚከፈት ነው። መጀመሪያ ክዳኑን፣ ቀጥሎ ቱቦዎቹንና የራዲያተሩን ጫፍ፣ ከዚያ ፖምፑን እንመረምራለን። ደብተር ባይኖር ኖሮ ሁሉንም ዕቃ መፍታት ነበረብን።

የአባይ በረሃ ለዚህ ምርመራ ደህና ፈታኝ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያች አጭር መንገድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ መሻገሪያውን አሳምሮታል። ዳገቱን ግን አላሳጠረውም። መኪና በዳገቱ ቀስ እያለ ስለሚወጣ ራዲያተሩ የሚያገኘው ነፋስ ትንሽ ነው። ቆላው ሙቀት ነው። ሞተሩም በሙሉ ኃይሉ ይሠራል። በሌላ ቦታ የተደበቀ ቀዳዳ እዚህ ይጋለጣል።

ሁለተኛ፣ ማታ ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን ይነጠፋል። ማለዳ ጠብታው የትኛው ቦታ ላይ እንዳረፈ ይታያል። ነገር ግን ውሃ ብረት ተከትሎ ይሄዳል። ጠብታው የወደቀበት ቦታ ሁሌ ቀዳዳው ያለበት አይደለም። ጣሪያም እንዲሁ ነው። ከላይ በአንድ በኩል ገብቶ ከታች በሌላ በኩል ይንጠባጠባል። ስለዚህ ከጠብታው ተነሥቶ ሽቅብ መፈለግ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ፍለጋው የሚካሄደው ደረቅ ምልክት በማየት ነው። ተራ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ወይም የዝገት ቀለም ይተዋል። ኩላንት የተባለው ባለ ቀለም ፈሳሽ ደግሞ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቅርፊት ይተዋል። ምልክት ካልተገኘ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይታጠባል፤ ይደርቃል። ከዚያ በተጠረጠሩት መጋጠሚያዎች ላይ የተፈጨ ጠመኔ ይነሰነሳል። መኪናው ተነድቶ ሲመለስ ጠመኔው የረጠበበት ቦታ ይታያል።

አራተኛ፣ ጋራዥ ውስጥ የመሞከሪያ ፖምፕ አለ። መካኒኩ በቀዘቀዘ ሞተር ላይ በክዳኑ ፈንታ ይገጥመውና በእጁ አየር ይገፋል። መርፌው በክዳኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ሲደርስ ያቆማል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቃል። መርፌው ካልወረደ ደህና ነው። ከወረደ አንድ ቦታ ይሾልካል ማለት ነው። በዚህ ዘዴ አባይ ድረስ ሳይወርዱ የአባይን ዳገት ጋራዥ ውስጥ ማምጣት ይቻላል።

አምስተኛ፣ ወደ ውስጥ የሚያፈሰው በሦስት ምልክት ይታወቃል። አንደኛው፣ የሞተሩ ዘይት ወተት የተጨመረበት ቡና ይመስላል። ሁለተኛው፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጢስ አያቋርጥም። በደጋ ማለዳ ለጥቂት ጊዜ ነጭ ጢስ መታየቱ ግን ጥፋት አይደለም፤ የብርድ ነው። ሦስተኛው፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑ ተከፍቶ ሲነሣ በራዲያተሩ አፍ ላይ እንደሚፈላ ጠላ አረፋ ያለማቋረጥ ይወጣል። ዘይቱ ወተት የመሰለ መኪና መነዳት የለበትም። ወደ ጋራዥ ይጎተት።

ጠብታን መናቅ አይገባም

20 ጠብታ ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ቢወድቅ በ1 ሰዓት 3,600 ጠብታ ነው። ይህ 180 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በ10 ሰዓት 1,800 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ወደ 2 ሊትር ይጠጋል። ውሃው በጣም ሲጎድል ደግሞ ሌላ ተንኮል አለ። የሙቀት መለኪያው ውሃ ካልነካው በትክክል አይናገርም። መርፌው ዝቅ ብሎ ሲታይ ሹፌሩ «በረደ» ብሎ ይደሰታል። ሞተሩ ግን እየተቃጠለ ነው።

ቀዳዳውን ሳይፈልጉ ለመድፈን የሚሞክሩ አሉ። ሳሙና ይለጥፋሉ። ዱቄት ወይም እንቁላል ወደ ራዲያተሩ ይጨምራሉ። ቀዳዳው ለጊዜው ሊደፈን ይችላል። ነገር ግን የራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎችም አብረው ይደፈናሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ድፍርስ ውሃም እንዲሁ ደለሉን ይተዋል። ለመኪና የሚሰጥ ውሃ በጨርቅ ቢጠለል ይሻላል።

የእሳትና የመርዝ ነገር

የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም። ሲከፈት የታፈነው ውሃ እንደ ጥይት ይወጣል። ፊትና ዓይን ያጠፋል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ። የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲነካ እስኪበርድ ድረስ ማንም አይክፈተው። ልጆች ከመኪናው ይራቁ። በጋለ ባዶ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ጊዜ ማፍሰስም ቴስታታውን ይሰነጥቃል።

ሰው ከተቃጠለ ቁስሉ ላይ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስበት። ቅቤ፣ እበት ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባም። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ኩላንት ለሞተር ጥሩ ነው። ዝገት ይከላከላል፤ ቶሎ አይፈላም፤ በቁርም አይረጋም። ለሰውና ለእንስሳ ግን ብዙው ዓይነት መርዝ ነው። ጣፋጭ ስለሆነ ውሻም ልጅም ይልሰዋል። የጠጣ ሰው መጀመሪያ የሰከረ ይመስላል። በኋላ ኩላሊቱ ይጎዳል፤ ሊሞትም ይችላል። ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። መሬት ላይ የፈሰሰ ኩላንት በውሃ ታጥቦ በአፈር ይሸፈን እንጂ ከብት በሚጠጣበት ወንዝ አይደፋ። ባዶ ጀሪካኑም ቢታጠብ ለጠላ፣ ለዘይት ወይም ለወተት አይሆንም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አሮጌ መኪና በሽታውን ይደብቃል። የሚያጋልጠው የሚያስተውል ዓይንና የሚጽፍ እጅ ነው። ስለዚህ መንገድ ዳር የቆመ ሹፌር ውሃ ሲለምን ውሃውን እንስጠው። አብረንም «ትናንት የት ጎደለ? ስንት ሊትር? ጽፈኸዋል?» ብለን እንጠይቀው።

ጥያቄዎች

1. ውሃ በደጋ ቶሎ የሚፈላው ለምንድን ነው?
2. መኪና ቆሞ ሲያድር ብቻ ውሃ ቢያጎድል መጀመሪያ ምን መመርመር ይገባል?
3. ከፖምፑ ሥር ያለችው ቀዳዳ ለምን አትደፈንም?
4. በየሰከንዱ ሁለት ጠብታ ቢወድቅ በ5 ሰዓት ስንት ሊትር ይጎድላል?
5. በቀበሌያችሁ ያለው የወፍጮ ሞተር ሙቀቱን የሚያወጣው በምንድን ነው? ጠይቃችሁ ጻፉ።